የሕዝብ ግንኙነት ሥራ በቅሬ አገር

ሰሞኑን ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የሚማሩ ልጆች በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይልኩልኛል፦ «ደሴ ላይ የፒ አር ድርጅት ምን ይሠራል? ሥራውስ እንጀራ ይሆናል?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ድርጅታችን ትንሽ ነው። ቢሮው ፒያሳ አካባቢ አንድ ክፍል ነው፤ ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ካሜራም ይሸከማል፣ ፕሮፎርማም ይሞላል፣ ባነር ሲቀደድም ይሰፋል። እኔ የምኖረው ገራዶ ነው፤ ከደሴ ወደ ጉጉፍቱና አቀስታ በሚወስደው መንገድ። ደንበኞቻችን ግን በአብዛኛው ኮምቦልቻ ናቸው፤ ፋብሪካውም፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ ደረቅ ወደቡም ያለው እዚያ ነው። ጠዋት በደሴ ብርድ ጃኬት ለብሰን እንነሳለን፤ ሐረጎን ተጠማዘን ወርደን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንጨርስ ጃኬቱ ክንዳችን ላይ ነው።

ብዙ ሰው ሥራችን ባነር መስቀል፣ ቲሸርት ማደልና ሪባን ማስቆረጥ ይመስለዋል። አይፈረድበትም፤ ገንዘብ የሚከፈለንም በአብዛኛው ለእሱ ነው። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ ይቀድማል፦ ነገሩ የሚመለከተው ማንን ነው? ያ ሰው ወሬ የሚሰማው ከማን ነው? ሰምቶስ የሚያምነው ማንን ነው?

እኛ አገር አሚኮም ፋናም ይደመጣሉ። ሰው ግን ሬዲዮ ላይ የሰማውን «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚያጣራው ቅሬው ላይ ነው። ለሌላ አካባቢ አንባቢ ለመንገር ያህል፣ ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው፤ ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ የቀረ ይቀጣል። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የአንድ ቅሬ አባል ነው።

ይህን ያስተማረን ችግር ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ መብራቱም ስልኩም ባንኩም ተቋረጠ። በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት ቆየ። የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ብቻ ይዞ «ኮሙኒኬሽን አለኝ» ይል የነበረ ድርጅት ሁሉ አፉ ተለጎመ። ዳታ ጠፍቶም ሥራው ያልቆመበት ሰው የቅሬ ዳኞችን ስልክ ቁጥር የያዘው፣ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ሄዶ ማንን እንደሚያነጋግር የሚያውቀው ነው።

አንድ ሥራ ላሳያችሁ። ገራዶ በመስኖ አትክልት የሚለማበት ሜዳ አለው፤ ምርቱ ደሴ ገበያ ይወጣል። አንድ ድርጅት ቦይ ሊያድስ አሰበና ለማስጀመሪያው ፕሮግራም ቀጠረን። ድንኳን፣ ባነር፣ ምሳ፣ ጋዜጠኛ፣ ቲሸርት ተዘርዝሯል። መጀመሪያ ሰው እናነጋግር ብለን የቅሬው ዳኛ ቤት ሄድን። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «አያ፣ በዕለቱ ንግግር ቢያደርጉልን» አልናቸው።

«ንግግሩስ አይጠፋም ልጆቼ» አሉ። «ቦዩ የሚዘጋው መቼ ነው? ሽንኩርቱ ተተክሎ ውሃ ቢያጣ ለማን ነው አቤት የምንለው? ቁፋሮውስ በማን በማን ማሳ ነው የሚያልፈው?»

አንዱንም የሚመልስ ወረቀት በእጃችን አልነበረም። ድርጅቱ ሰጥቶን የነበረው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የአርሶ አደሩን ተጠቃሚነት ለማረጋገጥ የተቀረጸው ፕሮጀክት ከባለድርሻ አካላት ጋር በተቀናጀ መልኩ ይከናወናል።» እዚህ ውስጥ ማን፣ መቼ፣ የት የሚል የለም። ገበሬው ራሱ ተሰውሮ «ባለድርሻ አካል» ሆኗል።

ወደ ደንበኛችን ተመልሰን መሐንዲሱንና የቅሬውን ሰዎች አንድ ላይ አስቀመጥን። የመዝጊያው ጊዜ ሽንኩርቱ እስኪነሳ ተገፋ። ከዚያ አንድ ገጽ ጻፍን፦ ቦዩ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይዘጋል፤ ቁፋሮው በእነዚህ ማሳዎች ያልፋል፤ ጉዳት የደረሰበት ሰው ለእገሌ በዚህ ስልክ ያመልክት። ወረቀቱ አርብ ከስግደት በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከዚያም ቅሬው ሲሰበሰብ ተነበበ። ባነሩም ተሰቀለ፤ ዜናውም ለአፍታ ያህል ተላለፈ። ቁፋሮው ያለ ጭቅጭቅ ያለቀው ግን በዚያች ገጽ ነው።

ሙያው ሲጀመርም ሁለት መልክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካ ውስጥ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። አይቪ ሊ የሚባለው ሰው የባቡር ኩባንያው ነገሩን እንዳይደብቅ አድርጎ የሆነውን በጽሑፍ አወጣ፤ ጋዜጠኞችንም ወደ ቦታው አስወሰደ። ብዙዎች የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ የሚሉት ያንን ነው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1914 ኮሎራዶ ውስጥ ሉድሎው ላይ የማዕድን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከተገደሉ በኋላ ለሮክፌለር ሲሠራ የተሳሳተ መረጃ በትኖ «መርዛማው አይቪ» የሚል ስም ወጣለት።

ሁለቱም መንገድ እኛም ደጅ ይመጣል። ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ለዮሌና ወርቃ ወንዞች እየገባ ወደ ቦርከና እንደሚወርድ ተመራማሪዎች ለክተው ጽፈዋል። ስሙን የማልጠራው አንድ ደንበኛ «ከእኛ ግቢ ምንም አይወጣም የሚል መግለጫ ጻፉልን» አለን። የላቦራቶሪ ውጤቱን ስጡንና በቁጥሩ እንጽፋለን አልን። ውጤቱ አልመጣም፤ መግለጫውም ሳይጻፍ ቀረ፤ ኮንትራቱም አልታደሰም። የዚያን ወር ኪራይ የከፈልነው የሠርግ ቪዲዮ ሠርተን ነው።

ስለ ጋዜጠኛ አበልም ትጠይቁኛላችሁ። ፕሮግራሙ ገጠር ከሆነ መኪናና ምሳ እናዘጋጃለን፤ ይህ ግልጽ ነው። «ዜናው እንዲወጣ ይህችን ያዝ» የሚለው ውስጥ ግን አንገባም። የአየር ሰዓት መግዛት የፈለገ ደንበኛ ማስታወቂያ ይግዛ፤ የ2004ቱ የማስታወቂያ አዋጅም ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። ዜና መስሎ የገባ ማስታወቂያ አድማጩ ያወቀው ዕለት ጋዜጠኛውንም እኛንም ይዞ ይወድቃል።

እንጀራ ይሆናል ወይ? ይሆናል፣ ግን ሰኔና ሐምሌን መቻል ያስፈልጋል። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በሰኔ ሁሉም ቢሮ ዶክመንተሪና መጽሔት በአንድ ሳምንት ይፈልጋል፤ እንቅልፍ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ስልኩ ዝም ይላል። ሥራው የሚሰጠው ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ስለሆነ፣ መስክ ወጥቶ ሰው ማነጋገርን የመሰለ ወጪ ዋጋ ውስጥ ካስገባችሁ ትሸነፋላችሁ። ክፍያውም ይዘገያል፤ ደረሰኝ የቆረጣችሁበትን 15 በመቶ ቫት ግን ገቢዎች አይጠብቅላችሁም። ትንፋሽ የሚሰጠው ወርሃዊ ኮንትራት ያለው ደንበኛ ነው፤ እሱ የሚገኘው ደግሞ በስም ነው።

ስም ያልኩት እንዲህ ነው። ትልቅ ከተማ ያለ የሙያ ባልደረባዬ ጽሑፉን ያነበበውን ሰው ዕድሜ ልኩን ላያገኘው ይችላል። እኔ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን እቀመጣለሁ፤ ብቀር ቅሬው ይቀጣኛል። ቦዩ ይዘጋል ባልኩት ቀን ካልተዘጋ ሰው የሚጠይቀው ኩባንያውን ሳይሆን እኔን ነው። ደንበኛ የሚከፍለን ሰው በሩን ሲከፍትልን ስለሚያይ ነው፤ አንድ ጊዜ ከዋሸን የምንሸጠው ነገር የለም።

ስለዚህ ለልምምድ መምጣት የምትፈልጉ ልጆች፣ ሲቪ አትላኩልኝ። የሰፈራችሁ ቅሬ ሲሰበሰብ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ፤ የተወሰነውን በግማሽ ገጽ ጻፉና ስብሰባውን ለቀረ ሰው ስጡት። አንብቦ ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይጠይቃችሁ ከገባው፣ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ካልገባውም አብሽሩ፤ እንደገና ጽፋችሁ ስጡት።