በፖፕ አርት ስልት የአድናቂን ሥዕል በኮምፒዩተር ስለ መሥራት

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው፥ አድናቂዎች የሚወዱትን ዘፋኝ ወይም ተዋናይ በደማቅ ቀለም የሚሥሉበትን ስልት ነው። ስልቱን ያስፋፋው አንዲ ዋርሆል ሲሆን፥ ማሪሊን ሞንሮ በ1962 ከሞተች በኋላ «ናያጋራ» ለተባለው ፊልም ማስታወቂያ የተነሣችውን ፎቶግራፍ በተወጠረ ጨርቅ ቀለም እያሳለፈ ደጋግሞ አተመው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በኮምፒዩተር ሲሠራ ፎቶግራፉ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጣል፤ 256ቱ የግራጫ ደረጃዎችም ወደ 3 ወይም 4 ይቀነሳሉ። ፊቱ የሚድነው ወይም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። መለያው ልክ ከፍ ካለ ጥላው አፍንጫን ይውጣል፤ ዝቅ ካለ አገጭ ከጀርባው ጋራ ይቀላቀላል። ስለዚህ ለፊት፥ ለጠጕርና ለልብስ የተለያየ ልክ መስጠት ይሻላል። ቀለሙ ከጥቁሩ ሥር በየንጣፉ ይቀባል፤ ከመስመሩ ጥቂት ቢያፈነግጥ አይታረምም፥ የዋርሆልም ኅትመት እንዲሁ ነበርና። የሮይ ሊክተንስታይንን ነጠብጣብ ብዙዎች ይጨምራሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን ከዓይን ላይ ባይደርስ ይመረጣል።

ዳሩ ግን ፎቶግራፉ የማን ነው? ሊን ጎልድስሚዝ በ1981 ያነሣችውን የፕሪንስን ፎቶግራፍ ዋርሆል በ1984 መነሻ አደረገው፤ ለአንድ ጊዜ ኅትመት የተከፈላት 400 ዶላር ነበር። ፕሪንስ በ2016 ሲሞት ኮንዴ ናስት ከሥዕሎቹ አንዱን ለማተም ለዋርሆል ፋውንዴሽን 10,000 ዶላር ከፈለ፤ ለእርሷ ግን ምንም አልደረሳትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023፥ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ፈረደላት። ፍርዱ የሚመለከተው የሥዕሉን መሠራት ሳይሆን ለመጽሔት በክፍያ መፈቀዱን ነው። ሥዕሉን በክፍሉ ግድግዳ የሚሰቅል አድናቂ ከዚህ ነገር ራቅ ይላል፤ በካናቴራ አትሞ የሚሸጠው ግን በጣም ቀርቦታል።