የጨረሩን መንገድ የሚቀይሰው መሣሪያ

የማህፀን በር ካንሰር ላለባት ሴት ጨረር ሲታዘዝ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው በትልቅ ማሽን ከውጭ ለሳምንታት የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ብራኪቴራፒ ይባላል፤ ርዝመቷ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች፣ አብዛኛውን ጊዜ ኢሪዲየም 192 የያዘች ፍሬ በሽቦ ጫፍ እየተገፋች ገብታ ዕጢው ዘንድ ለደቂቃዎች ትቆይና ትመለሳለች። የምትጓዝበትና የምታርፍበት መሣሪያ አፕሊኬተር ነው። ሰው የሚጠይቀው ስለ ማሽኑ ነው፤ የጨረሩን ዕጣ በብዙው የሚወስነው ግን ይህ ቱቦ ነው።

ነገሩ የርቀት ጉዳይ ነው። ከፍሬዋ 2 ሴንቲ ሜትር የራቀ ሥጋ የሚደርሰው ጨረር 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ከማህፀን በር ፊት የሽንት ፊኛ፣ ከኋላ የአንጀት መጨረሻ አለ። ቱቦው በጥቂት ሚሊ ሜትር ካጋደለ ለዕጢው የታሰበው ጨረር ለአንጀት ይተርፋል።

የአፕሊኬተሩ ጎበጥ ያለ ቀጭን ቱቦ በማህፀን በር አልፎ ማህፀን ውስጥ ይገባል። ከሥሩ፣ ብልት ውስጥ፣ ሁለት እንቁላል መሰል አካላት ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ አለዚያ ቀለበት ይገባል። እንቁላል መሰሎቹ ባለ 2፣ ባለ 2.5 እና ባለ 3 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ሰፊው ፍሬዋን ከብልት ግድግዳ ስለሚያርቃት፣ ወደ ጥልቁ ያው ጨረር እየደረሰ ግድግዳው ያነሰ ይቀበላል። ሐኪሞች ቦታው የሚችለውን ትልቁን የሚመርጡት ለዚህ ነው። በቀለበቱ ፍሬዋ ለግድግዳው ትቀርባለች፤ በምትኩ ቅርጹ ስለማይለዋወጥ በየቀጠሮው ተመሳሳይ አቀማመጥ ማግኘት ይቀላል።

ከ1938 ጀምሮ የማንቸስተር ሐኪሞች ጨረሩን የሚለኩት «ነጥብ ኤ» በተባለ ቦታ ነበር፤ ከማህፀኑ መስመር 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን፣ ከብልት ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ። ዘዴው ለዓለም ሁሉ የጋራ ቋንቋ ስለሰጠ ትልቅ ውለታ አለው። ችግሩ በተግባር ነጥቡ የሚለካው ከዕጢው ሳይሆን ከአፕሊኬተሩ መሆኑ ነው። አፕሊኬተሩ ሲያጋድል ነጥቡም አብሮት ያጋድላል፤ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ልክ ሆኖ የዕጢው አንድ ጎን ግን በቂ ጨረር ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ይህን የገለጠው ኤምአርአይ ነው። ዛሬ በኤምአርአይ የሚሠሩ ሐኪሞች ዕጢውን ራሱን ስለው፣ ከውጭው ሕክምና ጋር ተደምሮ ቢያንስ ለ90 በመቶው 85 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) እንዲደርስ ያቅዳሉ። ብረት አዘል አፕሊኬተር ምስሉን ስለሚያበላሽ በቦታው ፕላስቲክና ታይታኒየም ተተክተዋል።

ዕጢው ወደ ጎን ከተስፋፋስ? ቱቦና ቀለበት ብቻውን አይደርስበትም፤ ለመድረስ ጨረሩን ቢያበዙት ፊኛና አንጀት ይጎዳሉ። የቪየና ሐኪሞች መፍትሔ ቀለበቱን መብሳት ነበር፤ በቀዳዳዎቹ ቀጫጭን መርፌዎች ወደ ዕጢው ይሰካሉ፣ ፍሬዋም በእነሱ ውስጥ ገብታ ከጎን ታርፋለች። በኤምአርአይ የተመራ፣ እንደአስፈላጊነቱ መርፌ የተጨመረበት ብራኪቴራፒ በ1,300 ገደማ ሴቶች ላይ ተጠንቶ ውጤቱ በ2021 ታትሟል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በ92 በመቶው ካንሰሩ በነበረበት ቦታ በቁጥጥር ሥር ነበር።

በኢትዮጵያ ይህ ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ነው፤ ብዙዎችም ሐኪም ቤት የሚደርሱት ዕጢው ከገፋ በኋላ ነው። ስለዚህ መርፌ የሚያስገባው አፕሊኬተር ለእኛ ቅንጦት አይደለም። እስኪገኝ ድረስም ከአፕሊኬተሩ ፊትና ኋላ በጥንቃቄ የሚታጨቅ ጎዝ አለ፤ ፊኛንና አንጀትን ከፍሬዋ ያርቃል፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ማንኛውም የጨረር ክፍልም ዛሬውኑ በደንብ ሊሠራው ይችላል።