ቁስሉ ከታሸገ በኋላ
የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በቢላ የተወጋ ልጅ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ቁስሉን እኛ እናክማለን። ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው ግን የወጣቶች አማካሪ ነው። ሬድትሬድ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ይህን ሥራ ለንደን በሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ የደነገጠ ልጅ ምክር ይሰማል በሚል እምነት።

ለወጣቶች ሥራ ከሚውለው ገንዘብ አንዱ ምንጭ የመንግሥት ድጎማ ነው። በ2019 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ለዩዝ ኢንዶውመንት ፈንድ ለ10 ዓመት የሚሆን 200 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ። ፈንዱ በእንግሊዝና በዌልስ ያሉ ፕሮግራሞችን ይደግፋል፤ ውጤታቸውም እንዲለካ ይፈልጋል።

መለካቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። ልጅ ሰው ለማመን ወራት ይፈጅበታል፤ ድጎማው ሲያልቅ ግን ያመነው ሰው ይሄዳል። ማኅበሮቻችን ለድጎማ ሲያመለክቱ፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ከልጁ ጋር ማን እንደሚቆይ አስቀድመው ያስቡ።