የናፍጣ ፒክአፕ ነዳጅ አረጫጨት ለውጥና የሙያ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው ዋና መንገድ አቃቂ ቃሊቲን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ በዚህ አካባቢ የተሽከርካሪ ጥገና የብዙ ወጣቶች እንጀራ ነው። በየጋራዡ የቆየው ፒክአፕና በኮምፒዩተር የሚታዘዘው አዲሱ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። መልካቸው ቢቀራረብም ነዳጅ የሚረጩበት ዘዴ የተራራቀ ነው፤ ልዩነቱን አለማወቅም ሥራ ከማበላሸት አልፎ አካል ያጎድላል።

የናፍጣ ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይሠራም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ በዚያች ቅጽበት የተረጨው ናፍጣ በግለቱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የሞተሩን ጉልበት፣ ጭስና ፍጆታ በእጅጉ የሚወስነው ናፍጣው መቼ፣ በምን መጠንና በምን ግፊት እንደተረጨ ነው።

ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ለውጤት ያበቃው ሞተር ነዳጁን የሚረጨው በታመቀ አየር ነበር፤ የአየር መጭመቂያው ክብደት ግን ለመኪና አልተመቸም። እ.ኤ.አ. በ1927 የቦሽ ኩባንያ ለየሲሊንደሩ የራሱ መግፊያ ያለውን ፖምፓ በብዛት ማምረት ሲጀምር፣ የናፍጣ ሞተር ለጭነት መኪና የተመቸ ሆነ። ቆይቶም በአንድ መግፊያ ለሁሉም ሲሊንደሮች የሚያዳርስ አነስተኛ አከፋፋይ ፖምፓ መጣ። ሦስት ኤልና አምስት ኤል የተባሉት የቶዮታ ሂሉክስ ሞተሮች የሚሠሩት በዚህ ዓይነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ «ኮመን ሬል» የተባለው ዘዴ በጃፓን የጭነት መኪና ላይ ዋለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ፒክአፕ ተሻገረ። በዚህ ዘዴ ፖምፓው ነዳጁን በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ አምቆ ያቆያል፤ እያንዳንዱን ኖዝል በኤሌክትሪክ የሚከፍተውና የሚዘጋው ኮምፒዩተሩ ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በአሮጌው ሞተር ኖዝሉ የሚከፈተው በግምት ከ100 እስከ 150 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የየኖዝሉን ቱቦ ዳዶ በተራ በማላላት፣ ድምፁ ያልተለወጠበትን ሲሊንደር ደካማ መሆኑን ይለያል። በኮመን ሬል ግን ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚወጣ፣ በላላው ዳዶ የሚፈተለከው ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ቢመስልም ፈጣን የቀዶ ሕክምና ያሻዋል። ትናንት ብልሃት የነበረው ዛሬ ጥፋት ሆኗል ማለት ነው። በተጨማሪም የአዲሱ ኖዝል ክፍተቶች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ፣ ውኃና አቧራ የቀላቀለ ናፍጣ ፈጥኖ ያበላሸዋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ የናፍጣን ትምህርት አላስፈላጊ አያደርገውም፤ በመንገድ ላይ ያሉት ተሽከርካሪዎች ጥገና ይሻሉና። ስለዚህ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ሁለቱንም ዘዴዎች በአንድነት ቢያካትቱ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ አጠቃቀምንም ከመፍቻው ጋር ቢያስተምሩ ይገባል። መምህራንም ተማሪው ዳዶ ከመንካቱ አስቀድሞ የሞተሩን ዓይነት እንዲለይ፣ ሞተሩን አጥፍቶም ግፊቱ እስኪወርድ እንዲጠብቅ የመጀመሪያው ትምህርት ሊያደርጉት ይገባል።