ዕድል በአውሮፕላን ብቻ አይመጣም



እንደምታውቁት በመኝታ ክፍላችን ማታ ማታ የማይነሣ ጨዋታ የለም። በቅርቡ ስለ ውጭ የትምህርት ዕድል ወሬ ተነሥቶ ሌሊቱ እስኪጋመስ ስንከራከር አመሸን። አንዱ፣ «እሱ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነው፤ የአንደኛ ደረጃ መምህር ማን ይፈልገዋል?» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ኧረ ተዉኝ! ገጠር ለሚመደብ ሰው ጠመኔ ከተገኘ ይበቃል» ብሎ አሳቀን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እውነት ለእኛና ነገ ለምናስተምራቸው ልጆች የዓለም በር ዝግ ነውን? አንብቤና መምህራኖቻችንን ጠይቄ የተረዳሁትን እነሆ ላካፍላችሁ።

በእኔ አስተያየት ዓለም አቀፍ የትምህርት ዕድል ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው መምህሩ የሚሄድበት፣ ሁለተኛው ተማሪው የሚሄድበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ማንም ከቦታው ሳይነቃነቅ ትምህርት ቤቱ ራሱ ከዓለም ጋር የሚገናኝበት ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአሜሪካ ጦር በየአገሩ የተወው ትርፍ ንብረት ይሸጥ ነበር። ሴናተር ዊልያም ፉልብራይት ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለትምህርት ልውውጥ እንዲውል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሕጉም እ.ኤ.አ. በ1946 ጸደቀ። የጦር መኪና ተሽጦ መምህር ማስተማሪያ ሆነ ማለት ነው! በስማቸው የሚጠራው ፕሮግራም ከዚያ ወዲህ ተማሪዎችን፣ ተመራማሪዎችንና መምህራንን ሲያለዋውጥ ኖሯል።

ጃፓንም አላት። የጃፓን መንግሥት በኤምባሲዎቹ በኩል ከሚሰጣቸው ዕድሎች አንዱ በቀጥታ ለመምህራን የተዘጋጀ ነው። አመልካቹ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወይም ከኮሌጅ የተመረቀ፣ ቢያንስ 5 ዓመት ያስተማረ፣ ዕድሜውም ከ35 በታች መሆን አለበት። ጊዜው ቋንቋ መማሪያውን ጨምሮ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ነው። የሚመረጡት አገሮች በየዓመቱ ስለሚለያዩ ኤምባሲውን መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ 5 ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው ከተመደብንባት የመጀመሪያ ቀን ነው። ስለሆነም የአገልግሎት ማስረጃን፣ ጥሩ የትምህርት ዕቅድን፣ የሥራ ምስጋናን ከመጀመሪያው አንሥቶ በአንድ ፋይል መያዝ ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ወደ ሁለተኛው መንገድ ስንሻገር ኩርት ሐን የተባሉ ጀርመናዊ የትምህርት ሰው እናገኛለን። ትናንት በጦርነት የተላለቁ አገሮች ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር ቢማሩ ነገ አይዋጉም ብለው ስላመኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በዌልስ አገር በአንድ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ አትላንቲክ ኮሌጅ እንዲከፈት አደረጉ። ዛሬ ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ በሚል ስም በአራት አህጉራት እኅት ትምህርት ቤቶች አሉት። ከ16 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ሁለት ዓመት ይማሩበታል። ተማሪዎቹን የሚመርጠው በየአገሩ ያለ ኮሚቴ ሲሆን፣ ቤተሰቡ መክፈል ለማይችል ልጅም የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል።

«ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። አገባን እንጂ! አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እኔ 11ኛ ክፍል ሳለሁ ለተማሪዎች የወጣ የውጭ ዕድል ማስታወቂያ በሰሌዳችን ላይ ተለጠፈ። እየሮጥኩ ሄጄ ሳነበው የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ 17 ቀን ሆኖታል። ወረቀቱ ለካ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ከርሟል። ለምን ዘገየ ብለን ብንጠይቅ፣ «እናንተ የት ትደርሱና ነው!» የሚል መልስ አገኘን። ባመለክት ኖሮ ላላልፍ እችላለሁ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። አለመሞከሬ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ያን ቃል ሰምተን ብዙዎቻችን አምነን መቅረታችን ነው።

ጓደኞቼ፣ ነገ መሳቢያው የእኛ ነው። ማስታወቂያ በደረሰን ዕለት መለጠፍ፣ ለማያነቡ ወላጆች ማስረዳት፣ ለልጁ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። እንዲሁም «ገንዘብ ስጡኝና ውጭ ልላካችሁ» ከሚል ደላላ ልጆቹን መጠበቅ የእኛ ፋንታ ነው። እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ኤምባሲውን ወይም የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ይሁንና እውነቱን እንነጋገር። ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ቢሄድ እሰየው ነው፤ የቀሩት መቶዎቹስ? እኔ ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ሦስተኛውን መንገድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1953 በ15 አገሮች የሚገኙ 33 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አስተባብሮ አንድ መረብ ጀመረ። ዛሬ መረቡ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችን ያቀፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ የጀመረው ግሎብ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ከ120 በሚበልጡ አገሮች ተማሪዎች ዝናብን፣ ደመናንና ሙቀትን እየለኩ ውጤቱን ለሳይንቲስቶች እንዲልኩ ያደርጋል። ልጁ ከመንደሩ ሳይወጣ የዓለም ጥናት ተካፋይ ይሆናል ማለት ነው።

ኢንተርኔት ከሌለስ? ዱላ ይበቃል! እንዴት ቢሉ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 ገደማ በግብፅ የነበረው ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ የለካው በጥላ ነው። በበጋው ረጅም ቀን፣ በቀትር፣ አስዋን ላይ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ስትሆን እስክንድርያ ላይ ግን የክብ 50ኛ እጅ ያህል ዘንበል ትላለች። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ርቀት በ50 ሲባዛ የምድር ዙሪያ ይገኛል አለ። አስዋን ማለት የዓባያችን ውሃ የሚያልፍባት ከተማ ናት።

በዛሬው ጊዜ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች እየተጻጻፉ ይህንኑ ይሠራሉ። እኛም እንችላለን። አዲስ አበባና መቀሌ በሰሜንና በደቡብ መስመር ተቀራራቢ ናቸው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት 11 ወይም 12 ሁለቱም ዘንድ የአንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጎ መትከል ነው። በቀትር የአዲስ አበባው ጥላ 16 ሳንቲ ሜትር፣ የመቀሌው 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዱላውንና ጥላውን በወረቀት ላይ አሳንሶ ሥሎ በፕሮትራክተር ቢለኩ 9 እና 13 ተኩል ዲግሪ ይመጣል። ልዩነቱ 4 ተኩል ነው። 360 ለ4 ተኩል ሲካፈል 80 ይሆናል። በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ሲለካ የሁለቱ ከተሞች ርቀት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 80 ጊዜ 500 ማለት 40,000 ኪሎ ሜትር! የምድር ዙሪያ በዋልታዎቹ በኩል ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። የመኪናውን መንገድ የወሰደ ግን ይሳሳታል፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነዋ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፣ የእኛ ቀትር በሰዓታችን ልክ 6 ሰዓት ላይ አይውልም፤ ሰዓታችን የተቀመረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለ መስመር ነውና። ስለሆነም ከ6 ሰዓት እስከ 6 ከ45 በየ5 ደቂቃው እየለኩ አጭሩን ጥላ መያዝ ነው። ሁለተኛ፣ ዱላው እንዳይንጋደድ። ባለፈው መጋቢት እኔና ሦስት ጓደኞቼ በግቢያችን ሞክረን ሒሳቡ አልገጥም አለን። በኋላ ብናየው ለካ ዱላችን ተንጋዶ ኖሯል! የግንበኛ ቱምቢ ቢኖረን ኖሮ ባልተሳሳትን።

እንግዲህ ሐሳቤን ላጠቃልል። በሚመጣው መጋቢት በሰሜን ወይም በደቡብ ርቆ ላለ ማሠልጠኛ ደብዳቤ ጽፈን አብረን ብንለካስ? የለመድነውን ነገ በየተመደብንበት ለልጆቹ እናሳያቸዋለን። «እናንተ የት ትደርሱና» ለተባለ ልጅ፣ የቆመባትን ምድር በገዛ እጁ ለክቶ ከማወቅ የበለጠ መልስ የለም።

መተባበር የምትፈልጉ ስማችሁን ከዚህ ወረቀት ግርጌ ጻፉልን። ቱምቢ ያላችሁም አትርሱን!