የኰምፒዩተር መረቦችን ቅርጽ በግራፍ ሒሳብ ስለ ማነጻጸር

ሁለት የኰምፒዩተር መረቦች በጣቢያና በመሥመር ብዛት እኩል ሆነው ሳለ፣ አንደኛው ከሌላው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ሊሆን ይችላል። የዚህን ምክንያት ግልጽ አድርጎ የሚያሳየን ግራፍ የተባለው የሒሳብ ክፍል ነው።

የዚህ ሒሳብ መነሻ ሊዮንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1736 ስለ ሰባቱ የኰኒግስበርግ ድልድዮች ያደረገው ጥናት ነው። ኦይለር የመንገዱን ርዝመት ትቶ የትኛው ቦታ ከየትኛው ጋራ እንደሚገናኝ ብቻ ተመለከተ። እኛም እንደዚሁ ጣቢያውን ነጥብ፣ ሁለት ጣቢያዎች የሚገናኙበትን መሥመር እንለዋለን።

ለምሳሌ ያህል የአሜሪካን አርፓኔት እንውሰድ። ይህ መረብ እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ አራት ጣቢያዎች ነበሩት፤ እነርሱም ሎስ አንጀለስ፣ ሳንታ ባርባራ፣ ስታንፎርድና ዩታ ናቸው። የፊተኞቹ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ሲገናኙ፣ ዩታ ግን የተገናኘው ከስታንፎርድ ጋራ ብቻ ነበር። ስለዚህ መሥመሮቹ 4 ነበሩ።

አሁን ከሳንታ ባርባራ ወደ ስታንፎርድ የሚሄደውን መሥመር ወደ ዩታ አዙረነዋል እንበል። አራቱ ጣቢያዎች ቀለበት ይሠራሉ፤ መሥመሮቹም ያው 4 ናቸው። ከአራት ነጥቦች 6 ጥንዶች ይገኛሉ። በሁለቱም መረቦች 4ቱ ጥንዶች በቀጥታ፣ 2ቱ ደግሞ በአንድ ጣቢያ አማካይነት ይገናኛሉ። አማካዩ ርቀት በሁለቱም 8 ለ6 ሲካፈል፣ ማለት 1.33 ያህል ነው። እስከዚህ ድረስ አንዳች ልዩነት አይታይም።

ልዩነቱ የሚታየው መሥመር ሲበጠስ ነው። በቀለበቱ ማንኛውም አንድ መሥመር ቢበጠስ፣ መልእክቱ በሌላው አቅጣጫ ዞሮ ይደርሳል፤ የሩቁ ርቀት ብቻ ከ2 ወደ 3 ያድጋል። በአርፓኔቱ ግን የስታንፎርድና የዩታ መሥመር ቢበጠስ ዩታ ፈጽሞ ይገለላል። እንዲህ ያለውን መሥመር የግራፍ ሊቃውንት «ድልድይ» ይሉታል። የስታንፎርድ ጣቢያ ራሱ ቢቆምም ውጤቱ ያው ነው።

እንግዲያስ ሁሉን ከሁሉ ጋራ ለምን አናገናኝም? ለ4 ጣቢያዎች 6 መሥመሮች ይበቃሉ፤ ለ100 ጣቢያዎች ግን 4,950 ያስፈልጋሉ። ይህን ወጪ የሚችል የለም።

እርግጥ ነው፣ ይህ አቈጣጠር የመሥመሩን ርዝመትና ዋጋ አይመለከትም፤ እነዚህን በየመሥመሩ ላይ በቁጥር ጽፎ መጨመር ይቻላል። ሆኖም መረብ የሚዘረጋ ሁሉ «ስንት መሥመር አለ?» ከማለት አልፎ «የትኛው ቢበጠስ ማን ይገለላል?» ብሎ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።