ዳቦው ሳይቆረስ

ድብ ባሕር ከሊማሊሞ ቁልቁለት ሥር ናት። ስሟ ባሕር ይላል እንጂ ባሕር የለባትም። እኔ ግን ከመምጣቴ በፊት ውሃ ዳር የምሄድ መስሎኝ ነበር። ይህን ስናገር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ለክረምቱ ያረፍኩት ከአንዲት እናት ቤት ነው። ማታ ማታ ፊደል እንቆጥራለን። ቀን ቀን ደግሞ አስተማሪዋ እሳቸው ናቸው።

ነሐሴ 13 ቀን፣ ቡሄ ዕለት ማለዳ፣ ዳቦ ልንደፋ ተነሣን። ዱቄቱን በእርሾና ለብ ባለ ውሃ አቦካን። ጨውና ጥቁር አዝሙድ ጨመርን። ሊጡ ብዙም ሳይቆይ ኩፍ አለ። እማማ ያደጉት ደባርቅ ነው። “ደባርቅ ቢሆን ይኼኔ ገና ተኝቷል” አሉ። እውነታቸውን ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሙቀት ሲያገኝ ይሠራል፤ ብርድ ሲያገኘው ይለግማል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ስለዚህ ደጋ ያላችሁ ሊጡን በጨርቅ ሸፍናችሁ ከምድጃው አጠገብ አኑሩት። ቆላ ያላችሁ ግን አትዘግዩ፤ ይኮመጥጣል።

ምጣዱ ላይ ኮባ አነጠፍን። ሊጡን ገልብጠን በኮባ ሸፈንነው። ሌላ ምጣድ ከደንንበትና ፍም ጫንንበት። የዳቦ እሳት ከላይም ከታችም ነው።

ዳቦው እስኪበስል ፎቶ ማየት ያዝን። እኔ ከእናቴ ጋር ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ የተነሣሁትን አሳየኋቸው። ዳቦና ፔርሙዝ ይዘን ሣሩ ላይ ተቀምጠናል።

“ባሕር ማለት ይኼ ነው?” አሉኝ።

ጣና ሐይቅ ነው፤ ውሃው ጨው የለበትም። የባሕር ውሃ ግን ጨው ነው፤ አይጠጣም። ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። 37 ያህል ደሴቶች አሉት። ዓባይም የሚወጣው ከእሱ ነው። የወዲያኛው ዳር ስለማይታይ ሰው ባሕር ቢለው አይፈረድበትም።

እሳቸውም ከሣጥናቸው አንድ ፎቶ አወጡ። ሁለት ጎረምሶች ፎቶ ቤት ቆመዋል። ከኋላቸው ባሕርና መርከብ የተሣለበት መጋረጃ አለ። ለካስ ድብ ባሕርም ባሕር ነበራት! አንዱ የእማማ ልጅ ነው። ሁለተኛው የአክስቱ ልጅ ነው፤ መልካቸው ይመሳሰላል። ልጃቸው ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሑመራ ከወረደ ሦስት ዓመት ሆነው። ያኔ ትንሿ እህቱ ገና በጀርባ ትታዘል ነበር።

“ወንድሜ ይኼ ነው” አለች ትንሿ። የጠቆመችው የአክስቱን ልጅ ነው።

እማማ ዝም አሉ። ፍሙን ቆሰቆሱ። ከዚያ “እርሳስ ስጪኝ” አሉኝ።

ፎቶውን ገልብጠን ሰሌዳ ላይ አደረግነው። ቀስ ብለው “ግራ”፣ “ቀኝ” ብለው ጻፉ፤ ከየአጠገቡ ስማቸውን። ልብ በሉ፤ ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ያልፋል። እርሳሱንም አትጫኑት፤ ፊቱ ላይ ይወጣል። ፎቶ እርጥበትና ጭስ አይወድም። እርስ በርስ ከተጣበቀባችሁም በኃይል አትላቀቁት፤ መልኩ ተልጦ ይቀራል።

ፎቶ ማንሳት ወደ አገራችን የመጣው ዛሬ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለ አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ያነሳል። ነገር ግን ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል፤ ፎቶውም አብሮ ይሄዳል።

ዳቦው ወጣ። ቢላዋ ሳነሣ እማማ እጄን ያዙ። “ቆዪ! ሳይቆረስ አንሺን።” ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ልጅቷም ዳቦውን አቀፈች። በስልኬ አነሣኋቸው።

በሳምንቱ ደባርቅ ወጥቼ ፎቶ ቤት ሁለት ቅጂ አሳተምኩ። አንዱ ለቤት ነው። ሌላው በመንገደኛ ወደ ሑመራ የሚላክ ነው። እማማ በጀርባው “እናትህ። እህትህ።” ብለው ጻፉ። ከሥሩም “ዳቦው የቡኤ ነው” የሚል ጨመሩ። “ሄ”ዋን ላርም ስል ፎቶውን ወደ ጉያቸው አደረጉት።

“ተዪው ልጄ፣ ይገባዋል።”